ጋሽ ይርዳው ሳይሄዱ መሰማት ያለበት ሸክላ

እረፍት የወጣ ሰው ማረፍ አለበት የሚል ሕግ ካለ፣ ንፋስ መውጫ ድረስ አልመጣም። ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ ስዘግብ፣ የተባለውን ካልተባለው ስለይ ከርሜ፣ ከፋሲካ በኋላ አጎቴ ቤት ሄጄ ልተኛ ነበር ያሰብኩት። አጎቴ ጋሼ አደራው ግን መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቆመው ማለቴ ለአነጋገር ነው እንጂ እሳቸው አይቆሙም፤ ከሱቁ ወደ መብራት እንጨቱ፣ ከመብራት እንጨቱ ወደ ሱቁ ሲመላለሱ ነው ያገኘኋቸው። ሳንሳሳም «አመጣኸው?» አሉኝ።

«እንደምን ሰነበቱ ጋሼ?»

«ደህና ነኝ። አመጣኸው ወይ?»

አምጥቼዋለሁ። ከአንድ ባልደረባዬ የተዋስኩት የሸክላ ማጫወቻ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ ነበር። ረዳቱ ሕፃን መስሎት «አየር እንዲያገኝ ፊቱን ግለጥለት» ብሎኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ጋሼ አደራው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ተማሪ በነበሩበት ዘመን በከተማው ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ነበር። ሰውየው የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ መጥቶ፣ ጥቂት ተማሪዎች ሰብስቦ፣ የሮክ ባንድ አቋቋመ። ከበሮው የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ታናሽ ወንድም ነበር ይባላል። ባንዱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አንድ ቀን ብቻ ተጫውቶ ተበተነ። ፈረንጁ ግን በዚያ ቀን፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ዝግጅቱን በቴፕ ቀድቶት ኖሯል። አገሩ ሲገባ ደግሞ አሁንም ማንንም ሳያስፈቅድ በጥቂት ሸክላ አሳተመውና አንዱን ለጋሼ በፖስታ ላከላቸው። ልባሱ ነጭ ነው። ስም የለበትም፣ ሥዕል የለበትም፣ የዘፈን ርዕስ የለበትም። የተሰረቀ ነገር ላይ ስም አይጻፍም።

ጋሼ እንደሚሉት፣ ያን ቀን የዘፈኑት እሳቸው ናቸው።

ችግሩ ያለው «እንደሚሉት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። የባንዱ ልጆች እንደ ጤፍ ተበትነዋል፤ የሞተም አለ። ከተማው ውስጥ ሸክላ የሚያጫውት ዕቃ ስላልነበረ፣ ማስረጃው ሳጥን ውስጥ ተኝቶ አረጀ። አፍ ያለው ምስክር የለም፣ ያለው ምስክር ደግሞ አፉን የሚከፍትለት የለም። ከሁሉ የከፋው ግን ጋሽ ይርዳው መኖራቸው ነበር።

ጋሽ ይርዳው የጋሼ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ሁለቱም ከዘመናዊ ትምህርት በፊት በድጓ ትምህርት በታወቀው ደብር በቤተ ልሔም አንድ ጎጆ አድረው፣ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ዜማ ተምረዋል። ባንዱ በተጫወተበት ቀን ጋሽ ይርዳውን አባታቸው ለውቂያ ወደ ስማዳ ጠርተዋቸው ስለነበር አላዩም። ያላዩትን ደግሞ አያምኑም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ይገናኛሉ፤ ጋሼ «ዘፍኛለሁ» ይላሉ፣ ጋሽ ይርዳው «አልዘፈንክም» ይላሉ፣ ሻዩ ይቀርባል። አንዳንዴ ሻዩን ያመጣችው ልጅ ራሷ «ዛሬስ ዘፈኑ?» ብላ ትጀምርላቸዋለች።

አሁን ግን ጋሽ ይርዳው ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው፣ ልጃቸው ባሕር ዳር ወስዳ ልታኖራቸው ነው። የሚሄዱት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቤታቸው ተከራይቷል፣ አልጋቸው ታስሯል።

«ይገባሃል?» አሉኝ ጋሼ፣ ሻንጣዬን እየጎተቱ። «ውሸታም እንዳለኝ ሊሄድ ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ተቀምጦ፣ ‹አገሬ አንድ ውሸታም ጓደኛ ነበረኝ› እያለ ሊያወራ ነው! ቅዳሜ ሳይደርስ ሸክላው ሲዲ ላይ መገልበጥ አለበት።»

«ለምን ፍላሽ ላይ አላደርግልዎትም? ይቀላል እኮ።»

«ፍላሽ ውስጥ ያለ ነገር አይታይም። ይርዳው በሚታየው ነገር እንኳ ይከራከራል። ሲዲ ያብረቀርቃል፤ ደግሞም የሻይ ቤቱ ዴክ የሚበላው ሲዲ ነው።»

ለመቶ ሰው ቃለ መጠይቅ ያደረገ ሰው፣ መልስ የማይገኝለትን መልስ ያውቃል። ተስማማሁ። ማጫወቻውን አዘጋጅቼ፣ ላፕቶፔን አያይዤ፣ ሸክላውን ከልባሱ አወጣሁት። ሻግቷል። በጥንቃቄ መጽዳት እንዳለበት ተናግሬ፣ ለማጽጃ የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ልፈልግ ከጋሼ ጋር ወደ ገበያ ወጣሁ። ስህተቴ ይህን በእትዬ ጥሩወርቅ ፊት መናገሬ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ የጋሼ ሚስት ናቸው። ለእሳቸው ከሳጥን የወጣ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ልብስም ይሁን እህል፣ የዳዊት መጽሐፍም ይሁን ቁርበት፣ ፀሐይ ይመታል። ስንመለስ ግቢው መሃል አንድ ሰፌድ ላይ የዘር ገብስ፣ በሌላው ሰፌድ ላይ የጋሼ አደራው የወጣትነት ዘመን ተሰጥቷል። ጫፉ እንደ ባርኔጣ ክንፍ ሽቅብ ተነስቷል። አንዲት ዶሮ አጠገቡ ቆማ ከገብሱና ከሸክላው የቱን እንደምታስቀድም ታስባለች።

«ምን አድርገሽ ነው?» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ቀጠነ።

«በሳሙና አጥቤ ፀሐይ አሞቅሁት። ሻጋታ ሸቶ የለም እንዴ!»

«አንቺ ሴት! ሰው እኮ ነው ውስጡ ያለው!»

«ሰውስ ቢሆን ፀሐይ አይሞቅም?»

ሸክላውን በሁለት የመስኮት መስታወት መሃል አስገብተን፣ ፀሐዩ ላይ እንዳለ፣ ከላዩ የወፍጮ ድንጋይ ጫንንበት። ጋሼን ድንጋዩ አላጠገባቸውም፤ ራሳቸው እላዩ ላይ ተቀመጡበት። በሕይወቴ ጋሼ አንድ ቦታ ሲቀመጡ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያውም እግራቸው እየተንቀጠቀጠ። በየአፍታው እየተነሱ ከሥር ያያሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። እትዬ ጥሩወርቅ በአጠገባቸው ሲያልፉ «ዶሮ መሆን አምሮህ ነው? ሲፈለፈል ጥራኝ» ይሏቸዋል።

ሸክላው ጨርሶ ባይሆንም ተኛ። መርፌው ሲሄድበት ከክምር ድንጋይ ከተማ ሽቅብ እንደሚወጣ ሚኒባስ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ከመንገዱ አይወጣም። ይህ በሰላም አለፈ ስል፣ የማጫወቻው ቀበቶ ተበጠሰ። ቀበቶው ሸክላውን የሚያዞር ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው። የእሱ ዓይነት በንፋስ መውጫ ቀርቶ ከዚያም ወዲያ እንደማይገኝ ጋሼን ሳስረዳቸው፣ ሰምተው ሳይጨርሱ ወጡ። ሲመለሱ ከአንድ የባጃጅ ሹፌር የለመኑትን የውስጥ ጎማ ይዘዋል። በመቀስ ቀጭን ቀለበት ቆርጠን አስገባን። ዞረ።

እኔ በሙያዬ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። በዚያ ሸክላ ላይ የሰማሁትን ግን አልጠበቅኩም። መጀመሪያ እንደሚቆላ ገብስ ተንጣጣ። ጊታር አንዴ ጮኸ። ከበሮ ተከተለ። ከዚያ አንዲት ልጃገረድ በቀጭን ድምፅ፣ በጥድፊያ፣ በእንግሊዝኛ መዝፈን ጀመረች።

እትዬ ጥሩወርቅ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ልጅ ነበርኩ እኮ!» አሉ ጋሼ።

«ልጅ እንጂ ልጅት ነበርኩ መች አልከኝ?» አሉ እትዬ።

ክፉ ቀን ብቻውን አይመጣምና፣ ጋሽ ይርዳው ለስንብት ጎረቤት እየዞሩ ኖሮ ልክ በዚያች ሰዓት ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ደረሱ። እስከ መጨረሻው ቆመው አዳመጡ። ከዚያ በታላቅ ቁም ነገር እንዲህ አሉ፦

«አደራው፣ ልጅቱ ጎበዝ ናት። የማን ልጅ ናት?»

«እኔ ነኝ!»

«ምነው ያኔ ሳላውቅሽ ቀረሁ! ሽማግሌ እልክልሽ ነበር እኮ!»

ጋሼ ያን ሌሊት አልተኙም፤ እኔም አልተኛሁም፣ ምክንያቱም ሲንጎራደዱ ወለሉ ይንቋቋል። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነበር። የባጃጅ ጎማ ወፈር ስለሚል ሸክላውን ከልኩ በላይ ያፈጥነዋል። ላፕቶፑ ላይ ማዘግየት ይቻላል። ግን ምን ያህል? ጋሼን ብጠይቃቸው ድምፃቸው የጎልያድ እስኪሆን ድረስ ያስዘገዩኛል፤ ባለ ጉዳይ በራሱ ጉዳይ ላይ ምንጭ ሊሆን አይችልም። ከጋሼም ከይርዳውም ነፃ የሆነ፣ ትክክለኛ ፍጥነቱን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ያስፈልገኝ ነበር። መልሼ መላልሼ ሳዳምጥ አገኘሁት። በሁለት ዘፈኖች መሃል፣ ከአዳራሹ መስኮት ውጭ፣ አህያ ይጮሃል።

በማግስቱ ላፕቶፑንና አንድ ድምፅ ማጉያ ይዘን ገበያ ዳር፣ አህዮች ከሚታሰሩበት ቦታ ሄድን። ለገበሬዎቹ ጉዳዩን ባጭሩ ነግሬ አህያውን አሰማኋቸው።

«ይሄ አህያ አይደለም፣ ውርንጭላ ነው» አለ አንዱ።

አዘገየሁት።

«አሁን ደግሞ የታመመ ነው» አለ ሌላው። «ትንሽ አፍጥነው።»

«አይ፣ የእኛ የእስቴ አህያ እንዲህ ነው የሚጮኸው፣ ረጋ ብሎ፣ እየጎተተ።»

«የእስቴ አህያ ስለሚራብ ነዋ! ይሄ የጠገበ አህያ ነው፤ አጨራረሱን አትሰማም?»

«የማንን አህያ ነው የምትሰድበው?»

ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ሲል፣ ከታሰሩት አንዱን አስጩኸን እናመሳክር አልኩ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። አህያ ግን ሲፈለግ አይጮህም። ጭራውን ነኩት፣ ጆሮውን ነኩት፣ ሴት አህያ እንዲያይ አዞሩት፤ እሱ ግን እኛኑ ያያል። ጋሼ በመካከላችን እየዞሩ «ነገ እኮ ዓርብ ነው! ነገ እኮ ዓርብ ነው!» ይላሉ፣ አህያው ቀን የሚቆጥር ይመስል። ተስፋ ቆርጠን ዕቃችንን ስናነሳ፣ ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ሳላስበው የሸክላውን አህያ አጫወትኩት። ያን ጊዜ የታሰሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መለሱለት። ገበያው ተናወጠ። እኔም በዚያ ሁካታ መሃል አንዱን ከአንዱ እያመሳከርኩ፣ ሸክላውን ትንሽ ትንሽ አዘገየሁት፤ በመጨረሻ የስማዳውም የእስቴውም ሰው አንድ ላይ «እሱ ነው! አሁን አህያ ሆነ!» አሉ። ሁለት ወረዳ በአንድ ነገር ሲስማማ መጀመሪያ ማየቴ ነው።

በዚያ ፍጥነት ልጃገረዷ ጎረምሳ ሆነች።

ጋሼ ሁለቱንም እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ።

ያን ቀንና ዓርብን እስከ ቀትር ሠራሁ። እንደ ገብስ የሚንጣጣውን አወጣሁ። የሚያቃጭለውን አወጣሁ። የሚያስሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ከአዳራሹ አስወጣኋቸው። አህያውን ላደረገልን ውለታ አመስግኜ አሰናበትኩት። ከድምፅና ከጊታር በቀር ምንም እስከማይቀር ድረስ አጠራሁት። ጋሼ በየመሃሉ እየመጡ ትከሻዬ ላይ ይተነፍሳሉ፤ «አለቀ?» ይላሉ፣ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ሲዲው ተቀርጾ ሲወጣ በወረቀት ጠቅልለው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት፤ ወደ ሻይ ቤቱ በምን ፍጥነት እንደሄድን አልናገርም፤ ባጃጅ ቀድመናል።

ሻይ ቤቱ ሙሉ ነበር። ጋሽ ይርዳው ዘወትር በሚቀመጡበት ጥግ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ሲዲው ገባ። ዘፈኑ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ወጣ። ልጅ እግር ድምፅ፣ ጠንካራ፣ የማይዋዥቅ። ሰዎች ተያዩ። ጋሽ ይርዳው ግን የቅኔ ጉባኤ ላይ እንዳሉ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ጥሩ ዘፋኝ ነው» አሉ። «ስለዚህ አደራው አይደለም።»

«እንዴት?» አሉ ጋሼ፣ ብርጭቆ እየገለበጡ።

«ይሄ ሰውዬ አይተነፍስም። ከዳር እስከ ዳር አንድም ጊዜ አልተነፈሰም። አንተ ደግሞ ሁለት ቃል ያለ ትንፋሽ ዘልቀህ አታውቅም። ድጓ ስንማር የኔታ ስንት አለንጋ የጨረሱብህ ለምን ነበር? ‹መሃል ቃል ላይ አትተንፍስ! የእግዚአብሔርን ስም ለሁለት አትቁረጥ!› ሲሉህ አይደለም እንዴ? እያለቀስክ እንኳ መሃል ቃል ላይ ትተነፍስ ነበር!»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ነገ ጠዋት ሚኒባሱ ይነሳል፤ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ምስክር ቀርቦ የመሰከረው በእሳቸው ላይ ነው።

እኔ ግን ያደረግኩት ታውቆኝ ቆሜያለሁ። «ጋሼ» አልኩ፣ «ትንፋሹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቆሻሻ ድምፅ መስሎኝ ነው ያወጣሁት።»

«ትንፋሼን?»

«አዎ።»

«የሰው ትንፋሽ ቆሻሻ ነው የሚል ማን አስተማረህ?»

ወደ ቤት ሮጥኩ። ያልተነካውን ቅጂ፣ ፍጥነቱ ብቻ የተስተካከለውን፣ እንዳለ አዲስ ሲዲ ላይ ቀረጽኩት። ስመለስ ማንም አልተነሳም ነበር፤ ይልቁንም ሰው ጨምሯል። ዴኩ ዋጠው። ገብሱ ተንጣጣ፣ ሰው አሳለ፣ ጊታሩ ጮኸ፣ ጎረምሳው ጀመረ። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ አንድ ረዥም የእንግሊዝኛ ቃል አለ። ጎረምሳው ቃሉን ያዘ፣ እስከ ወገቡ ወሰደው፣ እዚያ ላይ እንደ ዳገት የወጣ ሰው «ህእ!» ብሎ ትንፋሽ ሳበ፣ ከዚያ የቀረውን ጨረሰ።

ጋሽ ይርዳው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት።

«መሃል ቃል ላይ» አሉ ቀስ ብለው። «በፈረንጅ አፍም ያው ነው።» ከዚያ ቀና ብለው ጓደኛቸውን አዩ። «አደራው፣ አንተ ነህ።»

ዘፈኑ አለቀ፤ ሸክላው ላይ ያለው ሕዝብ አጨበጨበ፤ ሻይ ቤቱም አብሮ አጨበጨበ። ጋሼ ይዘላሉ ብዬ ነበር። አልዘለሉም። ተቀመጡ። ሰዉ «እንኳን ደስ ያለዎት» አላቸው፣ አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቃቸው፣ ከዚያ ወደ ማዳበሪያ ወሬው ተመለሰ። ሁለቱ ሽማግሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀሩ። ጋሼ «እንግዲህ» አሉ። ጋሽ ይርዳው «እንግዲህ» አሉ። ሻይ የምታመጣው ልጅ መጥታ ብትቆምም የምትጀምርላቸው ነገር አጣች። ጉዳይ ሲጣራ ወሬው ይሞታል፤ ይህን በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ እንዲህ በቅርብ ግን አላየሁም።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው ነፋስ ብቻ ነበር። ጋሽ ይርዳው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፣ አልጋቸው ጣሪያው ላይ ታስሯል። ጋሼ ከውጭ ቆመዋል። በእርግጥም ቆመዋል፤ አልተንቀሳቀሱም፤ ይህ ያስፈራኝ ጀመር። ሲዲውን በመስኮት ሰጧቸው።

«ጉልበትህን አሙቀው» አሉ ጋሼ።

«እሺ። አንተም ብርድ እንዳይመታህ።»

«እሺ።»

ቀበሌ ለጉዳይ የሚገናኙ ሰዎች ይመስላሉ። ረዳቱ በሩን ጎትቶ ዘጋ። ሚኒባሱ ተነቃነቀ። ጥቂት እንደሄደ መስኮቱ ተከፈተና የጋሽ ይርዳው ራስ ከነፎጣው ወጣ።

«አደራው!»

ጋሼ ቀና አሉ።

«መዝፈኑንስ ዘፍነሃል! ያጨበጨቡልህ ግን እንድትወርድላቸው ነው!»

ጋሼ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከሚኒባሱ ኋላ ሲሮጡ አየሁ።

«ውሸታም! ስማዳ አውድማ ላይ በሬ ስትነዳ ውለህ ስለ ጭብጨባ ምን ታውቃለህ? ድገም ነው ያሉኝ! ድገም!»

«ውረድ ነው!» አለ ድምፁ ከአቧራው ውስጥ።

ሚኒባሱ በጥምዝማዙ ተሰወረ። ጋሼ እያለከለኩ ተመለሱ። ፊታቸው በርቷል፤ እንደ ወትሯቸው ከሱቁ ወደ መብራት እንጨቱ፣ ከመብራት እንጨቱ ወደ ሱቁ ይመላለሱ ጀመር።

«ሰማኸው? ሰማኸው ይሄን ሰው? አንተ እኮ ጋዜጠኛ ነህ፤ የደስታ ጭብጨባና የውረድ ጭብጨባ ልዩነት የለውም? አውጣና ለብቻው አሰማኝ፤ ዛሬውኑ!»

«ጋሼ፣ እረፍቴ እኮ ነገ ያልቃል።»

አልሰሙኝም። ስልካቸውን አውጥተው እየደወሉ ነበር፤ ሚኒባሱ ገና ከከተማው አልወጣም።